የሃያ አራቱ በሮች ቀጠሮ

አባቴ በር ሠሪ ነበር። ቦሌ ሚካኤል፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ አንድ ብየዳ ቤት ነበረው፤ መኖሪያችንም ከጀርባው ነው። ያኔ ቦሌ ሌላ ሥራ የሌላት ይመስል የምትገነባበት ዘመን ነው። አምና ጎመን የተተከለበት ቦታ ዘንድሮ ይቆፈራል፤ ዞር ብለው ሲመለሱ በባሕር ዛፍ መወጣጫ የተከበበ ፎቅ ቆሞበታል። ፎቁ ሁሉ ደግሞ በር ይፈልጋል። ዛሬም ከቦሌ መድኃኔዓለም ወደ ቡልቡላ በታክሲ ስሄድ በመስኮት እያየሁ፣ “ይኼ የአባቴ በር ነው፤ ያም የአባቴ ነው” እላለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ቢሰማኝም ግድ የለኝም። ኩራተኛ ነሽ ይሉኛል። ነኝ፣ ምን አባቴ ላድርግ፤ ከሱ ነው የወረስኩት።

አባቴ ከበሮቹም በላይ የሚኮራው በቀጠሮው ነበር። ብየዳ ቤት የሄደ ሰው “ነገ ና” የሚባለውን ነገር ያውቀዋል። ነገ ሲሄዱ መብራት ጠፍቷል፤ ከነገ ወዲያ በያጁ ለቅሶ ሄዷል፤ በሳምንቱ ላሜራው ከገበያ ጠፍቷል። አባቴ ይህን አያውቅም። ሐሙስ ካለ ሐሙስ ነው። መብራት ሲጠፋበት ጄኔሬተር ተከራይቶ፣ ኪሳራውን ውጦ ያደርሳል። ቀድሞ የሚመጣ ደንበኛም ያናድደው ነበር። “ሐሙስ አልኩህ፤ ማክሰኞ ምን ልታደርግ መጣህ? ቃሌን አላመንከውም?” ብሎ ከበር ይመልሰዋል። ለሱ ቀድሞ መምጣትም አርፍዶ መምጣትም ያው ንቀት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

እኔ ሆስተስ ነበርኩ። የዚህ ታሪክ መነሻ የሆነውን ሣጥን መጀመሪያ ያየሁት ፍራንክፈርት ያረፍን ጊዜ፣ አንድ የመጫወቻ መደብር መስኮት ላይ ነው። ጠፍጣፋ የካርቶን ሣጥን ነው፤ ፊቱ ላይ ሃያ አራት ትንንሽ በሮች ተቆርጠውበታል፤ በየበሩ ላይ ቁጥር አለ፤ ከእያንዳንዱ በር ጀርባ ደግሞ ጥቂት የፕላስቲክ ጡቦች ተቀምጠዋል። ጡቦቹ ሲገጣጠሙ አንድ ትንሽ ነገር ይወጣቸዋል፤ አንድ ቀን ወንበር፣ አንድ ቀን መብራት፣ አንድ ቀን ወፍ። ፈረንጆች ገናን የሚጠብቁት እንዲህ በየቀኑ አንድ በር እየከፈቱ ነው። የልጆች ነው ቢባልም ቤተሰቡ በሙሉ ይሻማበታል። እኔ የገዛሁት ለአባቴ ነው። በር ስላለው ብቻ፣ ይስቅበት ብዬ።

አልሳቀም። መነጽሩን አደረገና ሣጥኑን አገላብጦ አየው፤ የመጀመሪያውን በር በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገው።

“ማጠፊያ የለውም” አለኝ።

“ካርቶን ነው እኮ አባዬ። ተቀዶ ነው የሚከፈት።”

“ተቀዶ የሚከፈት ከሆነ በር አይደለም። መቼ ነው የሚጀመረው?”

እኔ መልስ ሳልሰጥ እናቴ ከኩሽና ብቅ አለች። እናቴ በጾም ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት።

“የማን ገና ነው ይኼ?” አለች።

“የፈረንጅ።”

“የፈረንጅ ገና እኛን ምን አገባን? የኛ ገና በሃያ ዘጠኝ ነው። ጾሙ ሳይፈታ፣ እኛ ሽሮ እየበላን፣ ሣጥኑ ‘ገና ደረሰ’ ሊለን ነው?” ብላ ከዋዜማው ጀምራ በጣቷ ወደ ኋላ ቆጠረች። “ታኅሣሥ አምስት ጀምሩ። የመጨረሻው በር በገና ዋዜማ ይከፈት።” የቤታችን ሕግ ይኸው ሆነ።

ታኅሣሥ አምስት ማታ አባቴ እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቦ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ጣቶቹ ብረት የሚያነሱ ጣቶች ናቸው፤ ጡቦቹ ደግሞ የምስር ፍሬ የሚያህሉም አሉባቸው። አንዷ አምልጣው ከሶፋው ሥር ገባች፤ እኔና እሱ በጉልበታችን ተንበርክከን በባትሪ ፈለግናት። በኋላ የቅንድብ ወረንጦዬን ሰጠሁትና ሥራው ቀና። የወጣው ነገር በረዶ ላይ የሚንሸራተት መጓጓዣ ነበር። አባቴ አገላብጦ አየው።

“ጎማው የታለ?”

“ጎማ የለውም፤ በረዶ ላይ ነው የሚሄደው።”

“እንግዲህ መጀመሪያ እነሱ እንዳሉት ሠርተነዋል፤ አሁን ደግሞ እንደሚሆን እናድርገው” አለና አፈረሰው። በማግስቱ ከወጣው ነገር ላይ ጎማ ወስዶ ጋሪ አደረገው። ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ጠፋ። ከበረዶ የተሠራውን ሰውዬ በትኖ ጣራ ላይ የሚቀመጥ የውሃ ታንከር ሠራበት። ጺማሙን ቀይ ለባሽ ሽማግሌ ኮፍያውን አውልቆ የሕንፃ ዘበኛ አደረገው። በገና ዋዜማ ቡፌው ላይ፣ ከእናቴ ዳንቴል በላይ፣ አንድ የቦሌ ሰፈር ቆሞ ነበር፤ ጋሪው፣ ዘበኛው፣ ያላለቀው ፎቅ፣ በሩ ሳይቀር።

የብየዳ ቤቱ ሠራተኞች ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመራቸው በፊት “ትናንት ምን ወጣ?” ይሉት ነበር፤ ልክ የሎተሪ ዕጣ እንደሚጠይቅ ሰው። እሱም ሳይደብቅ ይነግራቸዋል፤ በእጁ እያሳየ፣ ከየትኛው ጡብ ምን እንዳወጣ እያስረዳ። በገና ቀን እንግዳ ሲመጣ ገና ከዶሮ ወጡ በፊት ወደ ቡፌው ይወሰዳል። “ልጄ ናት ያመጣችው፤ የሠራነው እኔና እሷ ነን” ይላል። “እኔና እሷ” ሲል ድምፁ ትንሽ ከፍ ይላል። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ደስ ይለኛል።

በሁለተኛውም በሦስተኛውም ዓመት አዲስ ሣጥን አመጣሁ። የዓመት ዕረፍቴንም ወደ ታኅሣሥ አዞርኩት። ሌሎቹ ሆስተሶች የመስከረምን በዓላት እየተሻሙ፣ እኔ ማንም የማይፈልገውን ጊዜ ስለምጠይቅ አለቃዬ ደስ ይላት ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እኔና አባቴ በቀረው ዓመት ብዙ የምንነጋገር ሰዎች አልነበርንም። “ደረስሽ?” “ደረስኩ።” “በላሽ?” “በላሁ።” በቃ። በታኅሣሥ ማታዎች ግን፣ አንዲት ግራጫ ጡብ እየፈለገ፣ ጠይቄው የማላውቀውን ሁሉ ይነግረኛል። ብየዳ የተማረው ለሰው ሻይ እያመጣ መሆኑን፣ መጀመሪያ የሠራው በር እንደጠመመና ሌሊት ሄዶ እንደነቀለው፣ እኔ የተወለድኩ ቀን የደንበኛ በር ይዞ ሆስፒታል እንደመጣ። ፊቴን እያየ ቢሆን አንዱንም አይነግረኝም ነበር። ዓይኑ ጡቡ ላይ ስለሆነ ነው።

እኔም በዚህ መሐል ነገሩ ያዘኝ። መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚገናኙ ሰዎች አሉ ተባለና ሄድኩ። ስድስት ሰባት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ክራባት ያሰረ አለ፣ የባንክ መታወቂያ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አለች፤ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ ጡብ ዘርግተው የጎደላቸውን ይለዋወጣሉ። አስተናጋጁ መጀመሪያ ቀን “ልጆቹስ የታሉ?” ብሎ ጠየቀን። ሁላችንም ወደ ጡባችን አቀረቀርን። ከነሱ መሐል አንዱ ፋርማሲስት ነበር፤ ትርፍ ጡቦቹን የሚያመጣው በመድኃኒት ከረጢት ነው፤ በየከረጢቱ ላይ ቀለሙንና ዓይነቱን በጥንቃቄ ይጽፋል። የሱም እህት ከውጭ ሣጥኑን ትልክለታለች። እኔ ሰው ቶሎ አላምንም፤ ይኼ ሰው ግን ሰማያዊ ጡብ ተበድሮኝ ባለው ቀን መለሰልኝ። በአባቴ ቤት ያደገች ሴት ከዚህ በላይ ምን ትጠይቃለች? በአራተኛው ዓመት፣ የነቢያት ጾም ገና እንደገባ፣ ሽማግሌ ላከ።

ሦስት ሆነው መጡ፤ ሁለት ባለ ከዘራ ሽማግሌዎችና አንድ ጥምጥማቸው የነጣ ቄስ። በወጉ መሠረት እኔ ኩሽና ገባሁ፤ በሩን ግን አልዘጋሁትም። አባቴ “ተቀመጡ” አላቸው።

“ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉ ትልቁ ሽማግሌ። “ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን ነው የመጣነው።”

አባቴ ስለ ልጁ ጠየቀ፣ ስለ ወላጆቹ ጠየቀ፣ ስለ ሥራው ጠየቀ። እናቴ እጄን ያዘችኝ። በመጨረሻ አባቴ ወደ ቡፌው ዞረ፤ የዚያን ዓመት ሣጥን ገና ሳይነካ እዚያ ቆሟል።

“ያንን ሣጥን አያችሁት? ሃያ አራት በሮች አሉት። ሁሉም ተከፍተው ሲያልቁ ኑ፤ መልሴን ያን ጊዜ እሰጣችኋለሁ” አላቸው።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ያለ ቀጠሮ በዕድሜያቸው ሰምተው አያውቁም። ቢሆንም አባት ያለው ነውና እጅ ነስተው ወጡ።

እኔ ተናድጄ ነበር። “ምን ማለት ነው? በኔ ሕይወት ይቀልዳል?” አልኳት እናቴን።

“አይቀልድም” አለች እናቴ፤ ሽንኩርት መላጧን ቀጠለች። “እነዚያን ማታዎች ለራሱ አስቀረ እንጂ። እሺ ካለ በኋላ ቤቱ የድግስ ቤት ነው፤ አክስት ይገባል፣ አጎት ይወጣል፤ ከአንቺ ጋር የሚቀመጥበት ጠረጴዛ የለም። ይህን አንድ ጊዜ ልስጠው ብለሽ ቻይ።”

ንዴቴ በረደ። ማታ ለፋርማሲስቱ ደወልኩለት። ሽማግሌዎቹ ነግረውታል፤ እየሳቀ ነው። “ሣጥኑ ሲያልቅ አሉ አይደል? ደስ ሲሉ!” አለኝ። “አዎ፣ ሣጥኑ ሲያልቅ” አልኩት። ስለ ሌላ ነገር አወራን። ቀኑን ሁለታችንም አልጠራነውም። ምን ያጠራጥራል? ሣጥኑ እሱም ቤት አለ፣ እኛም ቤት አለ። የሁለታችንም ሞኝነት እዚህ ላይ ነው፤ እሱ በሣጥኑ ወር እንደሚቆጥር እኔ አላሰብኩም፤ እኔ በእናቴ ጣት እንደምቆጥር እሱ አላወቀም።

ታኅሣሥ አምስት መጣና ጀመርን። የዚያ ዓመት ማታዎች ከሌሎቹ ይለያሉ። አባቴ ቀስ ይል ነበር። አንዲት ወንበር ሠርቶ ያፈርሳታል፤ “ጠማማ ናት” ይልና እንደገና ይሠራታል። ስለ ፋርማሲስቱ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። አንድ ማታ ግን ጡብ እየመረጠ፣ “ቃሉን ይጠብቃል?” አለኝ።

“ይጠብቃል” አልኩት።

“እናያለን” አለ።

እንዲህ እያልን አሥራ አንደኛው በር ላይ ደረስን። በማግስቱ እሑድ ነው። ከምሳ በኋላ አባቴ ግቢ ውስጥ ቱታውን ለብሶ፣ ለሰኞ ቀጠሮ የሰጠውን በር ፀረ ዝገት ቀለም እየቀባ ሳለ የውጭው በር ተንኳኳ። ሲከፍት ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ቆመዋል።

በኩሽናው መስኮት አየኋቸው። እናቴ “ምነው! ምነው!” አለች። አባቴ እጁ ላይ ካለው ቀለም ጋር ቆሞ ቀረ። በሐዘን ካልሆነ በቀር የማላየው ፊት ነበር የያዘው። ወደ ሳሎን አስገባቸው፤ ተቀመጡ ግን አላላቸውም።

“በሰላም ነው?” አለ።

“በሰላም ነው። በቀጠሮአችን መጥተናል” አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

“በየትኛው ቀጠሮ?”

“በሰጡን ቀጠሮ ነዋ።”

አባቴ ወደ ቡፌው አመለከተ። ከበሮቹ ግማሹ እንኳ አልተከፈተም። “እኔ ሁሉም ተከፍተው ሲያልቁ ነው ያልኩት። ይኸው፤ ቁጠሩት። በዚህ ሰፈር ስሜን ጠይቁ፤ ቀድሜም ዘግይቼም አላውቅም። የሰጠሁትን ቀን የማያከብር ሰው ልጄን እንዴት አድርጎ ሊያከብራት ነው?” ድምፁ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። “እንዲህ ከሆነማ መልሴን ዛሬውኑ ውሰዱት። ልጄን አልሰጥም።”

መጀመሪያ የተናደድኩት በፋርማሲስቱ ነው። ሁለት ሳምንት መጠበቅ አቃተህ? ምን ያጣድፍሃል? ሰው የሚያስበውን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ የሚጣደፍ ሙሽራ የሚደብቀው ነገር አለ ይባላል። ቀጥሎ በአባቴ ተናደድኩ። ወጥቼ እግሩ ላይ ልውደቅ ብዬ አሰብኩ። አልወጣሁም። ለምኜው እሺ ቢል፣ ቃሉን ያስበላሁት እኔ እሆናለሁ። ቃሉን የበላ አባት ደግሞ አልፈልግም ነበር።

ትልቁ ሽማግሌ አልተቆጡም። በእጃቸው የያዙትን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ከውስጡ አንድ ሣጥን አወጡ። ልክ የኛን የመሰለ ሣጥን ነው፤ በሮቹ ግን አንድ ሳይቀር ተከፍተዋል።

“የልጃችን ነው” አሉ። “እኛ ይህን ነገር አናውቀውም ነበርና እሱን ጠየቅነው። በፈረንጆቹ ወር ከአንድ ጀምሮ በየቀኑ አንድ ነው የሚከፈተው፤ ሃያ አራተኛው ትናንት ነበር አለን። ቀን አላጎደለም፣ ቀን አልጨመረም። ትናንት ማታ የመጨረሻውን ከፍቶ ዛሬ ላከን። ከቀጠሮ ቀደምን የሚሉን ከሆነ ግን፣ እርስዎ በየትኛው ቆጥረው እንደሆነ ይንገሩን።”

አባቴ መነጽሩን ከቱታው ኪስ አወጣ። ሣጥኑን አነሳ፤ ጀርባውን አዞረ። ፈረንጅኛው በሰባት በስምንት ቋንቋ ተጽፎበታል፤ ወሩን ግን ማንበብ አያቅተውም፤ ለውጭ አገር ሰዎችም በር ሠርቶ ያውቃል። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ ኩሽናው ዞሮ እናቴን ጠራት።

“ይኼን ሣጥን በታኅሣሥ አምስት የጀመርነው በማን ትእዛዝ ነው?”

“በኔ” አለች እናቴ ወጥታ፤ አልፈራችም። “ገና በሃያ ዘጠኝ ስለሆነ።”

“ሣጥኑ ግን እንዲህ አይልም።”

“ሣጥኑ መቼ ጾሞ ያውቃል?”

ቄሱ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አባቴ ግን አልሳቀም። ሣጥኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ቆመ፤ ብየዳ ቤት ውስጥ የልኬት ስህተት ያገኘ ጊዜ እንደሚቆመው ነው የቆመው።

“እንግዲህ ስሙኝ” አለ። “ቀጠሮውን የሰጠኋችሁ በሣጥኑ ነው። በቤቴ አቆጣጠር አላልኩም፤ በሣጥኑ ነው ያልኩት። ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቀን ደግሞ ትናንት አልቋል። እናንተ ልክ በሰዓታችሁ መጥታችኋል። የዘገየሁት እኔ ነኝ።” ይህን ሲል ትከሻው ወረደ። “እኔ ደግሞ ደንበኛ በር ላይ አቁሜ አላውቅም። ጠረጴዛው ይቅረብ።”

ምን ሊያደርግ እንደሆነ የገባኝ የኛን ሣጥን ከቡፌው ሲያወርደው ነው። በሮቹ ተከፍተው ሲያልቁ ብሎ ነበር፤ ስለዚህ ሊያስጨርሳቸው ነው። አሥራ ሁለተኛውን በር ቀደደው፤ ጡቦቹን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሳቸው። አሥራ ሦስተኛውን ቀደደና ክምሩን ወደ ትልቁ ሽማግሌ ገፋው።

“ለብቻዬ ከሠራሁት ይመሻል። ገጣጥሙ” አላቸው።

“ኧረ እኛ መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም…” ብለው ጀመሩ አንዱ።

“ቆሞ አይሠራም” አለ አባቴ።

ትልቁ ሽማግሌ ጥቂት አሰቡና ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። እንዲህ ያለ ሽምግልና ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ሦስት የተከበሩ ሰዎች፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ጥለው፣ የቅንድብ ወረንጦዬን እየተቀባበሉ፣ የምስር ፍሬ የሚያህል ጡብ ይገጣጥማሉ። ቄሱ አንዲት ጥቁርና ነጭ ወፍ ወጣችላቸው። “ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ዶሮ ነው?” አሉ። ሁለተኛው ሽማግሌ መኪናውን በግልባጭ ሠርተውት አባቴ አረመላቸው። “ጎማው ወደ ታች ነው” አላቸው። ትልቁ ሽማግሌ አንዲት ጡብ ጠፍታቸው ሁሉም ጠረጴዛው ሥር ገቡ። ከኩሽና ሆኜ ሳቄ አመለጠኝ፤ እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ፤ እሷም እየሳቀች ነበር።

አባቴ ግን አልሳቀም። እኔ ብቻ ነበርኩ ያየሁት። ያን ዓመት አንዲት ወንበር ሦስት ጊዜ አፍርሶ የሚሠራ ሰው፣ አሁን በሩን ይቀዳል፣ ይሠራል፣ ያስቀምጣል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። አንዱንም አላፈረሰም፤ አንዱንም እንደሚሆን አላደረገም። እነሱ እንዳሉት ሠርቶ አሰለፈው። የሚከፍታቸው በሮች የኔና የሱ ማታዎች ነበሩ፤ የነገው፣ የከነገ ወዲያው፣ የገብርኤል ማግስት፣ እስከ ዋዜማው ድረስ። ለራሱ ብሎ ያስቀረውን ሁሉ በአንድ ከሰዓት፣ በሰው ፊት ሰጠ። ማንም አላስገደደውም። “ሂዱና በሃያ ዘጠኝ ኑ” ቢላቸው እጅ ነስተው ይወጡ ነበር። ያን ጊዜ በአባቴ እንደኮራሁ በማንም ኮርቼ አላውቅም።

የመጨረሻው በር ላይ ሲደርስ ቆመ። መነጽሩን አወለቀና ጠረገው፤ መልሶ አደረገው። ከዚያ ከፈተው፤ ቀይ ለባሹ ሽማግሌ ነበር። ኮፍያውን ሳያወልቅለት ከሌሎቹ ጎን አቆመው።

“አልቋል” አለ። “ልጄን ሰጥቻለሁ። ለልጃችሁም ንገሩት፤ በቀኑ በመላኩ አክብሬዋለሁ። በሠርጉም ቀን እንዲህ በሰዓቱ ይምጣ።”

ሽማግሌዎቹ ተነስተው መረቁ። እናቴ እልል አለች፤ ጾም መሆኑን ረስታ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ። ሽሮና ጎመን ቀረበ። እኔም ተጠርቼ ወጣሁና ጉልበታቸውን ሳምኩ። ትልቁ ሽማግሌ ጉንጬን ይዘው፣ “ልጄ፣ ብዙ ቤት ሸምግያለሁ፤ እንዲህ ያለ አባት ግን አልገጠመኝም” አሉኝ። “አውቃለሁ” አልኳቸው። ትሕትና የሚጠበቅብኝ ሰዓት ነበር፤ ግን እውነቱን ነው የተናገርኩት።

አባቴ ሽማግሌዎቹን ሸኝቶ ተመለሰ። እናቴ ዕቃ ልታጥብ ገባች። መብራት በራ፤ እንደ ወትሮው ጠረጴዛው ላይ የምንቀመጥበት ሰዓት ደርሶ ነበር። አባቴ እጁን በሳሙና ታጥቦ መጣና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እኔም ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ሣጥኑ በመካከላችን ነው፤ በሮቹ ሁሉ ተቀደው ተንጠልጥለዋል። አባቴ በጣቱ አንዱን በር ወደ ቦታው መለሰው፤ አልቆም አለና ተመልሶ ተከፈተ።

“እንግዲህ ነገ ማታ ምን ልንከፍት ነው?” አለኝ።

ቀይ ለባሹን ሽማግሌ አነሳሁና ኮፍያውን አውልቄ፣ “መጀመሪያ እነዚህን እንደሚሆን እናድርጋቸው” አልኩት።